በቀን ነው በቁርጥ? የከሰረ ድርጅት አጣሪ ስንት ይገባዋል?

ግንበኛ ቀጥሮ የሚያውቅ ሰው ሥራው ከመጀመሩ በፊት የምትመጣውን ጥያቄ አይረሳትም፤ «በቀን ነው በቁርጥ?» በቀን ከሆነ ግንበኛው ሻዩን ረጋ ብሎ ይጠጣል፣ ድንጋዩን አገላብጦ ያያል፤ ሥራው ደህና ይሆናል፣ ማለቂያው ግን አይታወቅም። በቁርጥ ከሆነ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያልቃል፤ የተሸፋፈነው ነገር ክረምት ሲገባ ይታያል። ሦስተኛም መንገድ አለ፣ የደላላው። ቤቱ ሲሸጥ ከመቶ ሁለት፣ ካልተሸጠ ባዶ እጅ። ደላላው ስንት ቀን ፀሐይ ላይ እንደዋለ ማንም አይጠይቀውም። እሱም ቤቱ በአንድ ስልክ ጥሪ ቢሸጥለት «ለአንድ ስልክ ይሄ ሁሉ ብር አይገባኝም» ብሎ ሲመልስ ታይቶ አይታወቅም።

ይህቺን የግንበኛ ጥያቄ ከባድ ሰዎች፣ ማለትም ጥቁር ካባ የለበሱ ዳኞች፣ ለዓመታት ሲከራከሩባት እንደኖሩ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ያወቅሁትም በራሴ ኪስ በኩል ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የምሠራበት ድርጅት ተዘጋ። ስሙ ይቅር። እኔ ሒሳብ ክፍል ነበርኩ፤ የሦስት ወር ደመወዝ ቀርቶብኛል። ፍርድ ቤት ሒሳብ አጣሪ ሾመ። ሰውዬው ጨዋ ናቸው፤ ቦርሳቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ ፋይል ያገላብጣሉ፣ ማስታወሻ ይይዛሉ፣ ይሄዳሉ። ከዓመት በላይ ቆይቶ የክፍፍሉ ወረቀት ሲመጣ አሮጌው በር ላይ ተሰብስበን አየነው። ዘበኛችን መነጽራቸውን ረስተው ስለነበር ጮክ ብዬ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። የመጀመሪያው መስመር «የአጣሪ አገልግሎት ክፍያ» ይላል። ቁጥሩን አነበብኩት። ዝም አሉ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፣ ሰውዬው መቼ መጥቶ ነው ከኛ የሚቀድመው?»

መልስ አልነበረኝም። የዛሬው ጽሑፍ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው፤ መልስ ከሆነ።

መጀመሪያ ለምን እንደሚቀድም እንይ፤ ይሄ ቀላሉ ነው። ድርጅት ሲከስር ሁሉም የቻለውን ይዞ መሮጥ ይጀምራል። አቅራቢው ዕቃውን መልሶ ሊጭን ይመጣል፣ ሥራ አስኪያጁ መኪናውን «የኔ ነው» ይላል፣ ባንኩ መያዣውን ይዟል። አንድ ሰው በሩን ቆልፎ፣ ያለውን ቆጥሮ፣ የተበደሩትን አስከፍሎ፣ ማን ምን ያህል እንደሚጠይቅ መዝግቦ፣ ከመዘጋቱ በፊት የሸሸ ገንዘብ ካለ ተከታትሎ፣ የቀረውን በሕጉ ቅደም ተከተል ማከፋፈል አለበት። ይህንን ሰው «መጨረሻ ላይ ከተረፈ እንከፍልሃለን» ብትሉት አይመጣም። እናንተም ብትሆኑ አትመጡም። እሱ ካልመጣ ደግሞ ጉልበት ያለው ይወስዳል፣ ዘበኛው መጨረሻ ይቀራል። ስለዚህ ብዙ አገሮች የማጣራቱን ወጪ ከተራ ገንዘብ ጠያቂዎች ድርሻ በፊት ያስቀምጡታል። መቅደሙ ለሱ ክብር ሳይሆን ለእኛ ጥቅም ነው።

ከባዱ «ስንት?» የሚለው ነው። የዚህ ሥራ ጠባይ ግራ ያጋባል፤ ከፋዩ የት እንዳለ አይታወቅም። ግንበኛ ሲቀጠር ባለቤቱ አጠገቡ ይቆማል። ገንዘቡ የራሱ ስለሆነ ሻዩ ሲበዛ «ኧረ ተው እንጂ» ይላል። የከሰረ ድርጅት ውስጥ ግን ባለቤቱ ከእንግዲህ የሚያጣው ነገር የለም። አጣሪው አንድ ሺህ ብር ሲያስከፍል ገንዘቡ የሚወጣው ከገንዘብ ጠያቂዎቹ ኪስ ነው፤ እነሱ ደግሞ ብዙ ናቸው፣ ተበታትነዋል፣ ደክሟቸዋል። 200 ሰዎች አሉ እንበል። አጣሪው 100 ሺህ ብር አለአግባብ ቢጨምር እያንዳንዳቸው 500 ብር ያጣሉ። ለ500 ብር ጠበቃ የሚቀጥር ማን ነው? ማንም። ሁሉም «ይሁን» ብሎ ይተዋል፤ ሁለት መቶ «ይሁን» ሲደመር 100 ሺህ ብር ይሆናል። እንግዲህ እዚህ ጋ ነው ዳኛው የሚያስፈልገው። ባለቤት በሌለበት ባለቤት ሆኖ «ኧረ ተው» የሚል ሰው።

ዳኞች ይህንን እንዴት እንደሚያደርጉት ለማየት ወደ ለንደን ልውሰዳችሁ። የጋዜጣው ባለሀብት ሮበርት ማክስዌል እ.ኤ.አ. በኅዳር 1991 በካናሪ ደሴቶች አቅራቢያ ከመርከቡ ወድቆ ሞተ። ከሞተ በኋላ ከኩባንያዎቹ ሠራተኞች የጡረታ ፈንድ ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ፓውንድ መጉደሉ ታወቀ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ማተሚያ ቤት ውስጥ ያሳለፉ ሰዎች ጡረታቸው ስለመኖሩ እርግጠኛ መሆን አልቻሉም። ፍርድ ቤቱ የሰውዬውን የግል ሀብት የሚሰበስቡ ንብረት ተረካቢዎች ሾመ። (የኩባንያ አጣሪዎች አልነበሩም፤ ጉዳዩ ላይ የተነገረው ግን በኋላ ለአጣሪዎችም ዋና መመሪያ ሆኗል።) ተረካቢዎቹ ደከሙ፣ ጠበቃ ቀጠሩ፣ ፈለጉ፣ ሸጡ። የሰበሰቡት 1.67 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነው። የነሱና የጠበቆቻቸው ሒሳብ ተደምሮ ሲቀርብ ወደ 1.63 ሚሊዮን ፓውንድ ሆነ።

ቁጥሩን እንደገና አንብቡት። ለገንዘብ ጠያቂዎቹ የሚተርፈው ከ50 ሺህ ፓውንድ በታች ነው።

ጉዳዩ ዳኛ ፌሪስ ፊት ሲቀርብ፣ የእንግሊዝ ዳኞች ብዙ ጊዜ የማይጠቀሙበትን ቃል ተጠቀሙ፤ አሳፋሪ ነው አሉ። ያ ቃል ጋዜጣ ላይ ወጣ፣ ዛሬም ይጠቀሳል። እኔን ይበልጥ የያዘኝ ግን ከቁጣው ቀጥሎ ያስቀመጡት ሐሳብ ነው። ሰዓት የሚለካው ምንን ነው? ብለው ጠየቁ። መልሳቸው በኔ አነጋገር ይህ ነው፤ ሰዓት አገልግሎቱ ሠራተኛውን ስንት እንዳስወጣው ይለካል እንጂ ለተቀባዩ ስንት እንደሚጠቅም አይለካም። አንድ ሰው 300 ሰዓት ደከመ ማለት 300 ሰዓት ደከመ ማለት ብቻ ነው። ከዚያ «ስለዚህ ይህን ያህል ይገባዋል» ወደሚለው ለመሻገር ሌላ ድልድይ ያስፈልጋል።

ድልድዩን ሲሠሩ የተነሡት «አጣሪ ማነው?» ከሚለው ነው። ባለአደራ ነው አሉ። የሰው ገንዘብ የያዘ ሰው የወሰደውን እያንዳንዷን ሳንቲም የማስረዳት ሸክም ያለበት እሱ ላይ ነው እንጂ፣ በዛብን የሚሉት ሰዎች መብዛቱን የማስረዳት ግዴታ የለባቸውም። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ትንሽ አይደለም። ዛሬ እንግሊዝ ውስጥ ስለ አጣሪ ክፍያ ዳኞች የሚከተሉት መመሪያ ሒሳቡ ላይ ጥርጣሬ ከተነሣ ጥርጣሬው በከፋዮቹ ሳይሆን በአጣሪው ላይ እንደሚተረጎም ይናገራል። በተለመደው ኑሯችን ደሞዝተኛ ሲጠረጠር ለሠራተኛው እናዳላለን፣ ልክም ነን። እዚህ ግን ሠራተኛው ራሱ የቁልፉ ባለቤት ነው። ካዝናውን የሚከፍተው እሱ፣ ደሞዙን የሚጽፈው እሱ።

ፌሪስ አንድ መለኪያ ደግሞ አስቀመጡ፣ ከሁሉም በላይ የወደድኩት። አጣሪው አንድን ሥራ ከመጀመሩ በፊት፣ «ገንዘቡ የኔ የራሴ ቢሆን፣ አስተዋይ ሰው ሆኜ ሳስብ፣ ለዚህ ሥራ አወጣዋለሁ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ልብ በሉ፤ ውጤቱ ምን ሆነ ብለው አልጠየቁም። ነገሩ ካለቀ በኋላ ሁሉም አዋቂ ነው። ጥያቄው ውሳኔው በተወሰነበት ሰዓት በታወቀው ነገር ልክ ነበር ወይ ነው። ጥሩ ሐኪም በሽተኛው ቢሞትበትም ተከፋይ ነው። ሆኖም በሽተኛው እንደማይድን እያወቀ በየቀኑ አዲስ ምርመራ የሚያዝ ሐኪም ሲገጥመን ምን እንደምንል ሁላችንም እናውቃለን።

እሺ፣ ታሪኩ መጨረሻው ምን ሆነ? ብዙ ሰው «አሳፋሪ» የምትለዋን ቃል ብቻ ይዞ ስለሚቀር ይህን አያወራውም። ዳኛው ሒሳቡን ራሳቸው አልቆረጡትም፤ መስመር በመስመር እንዲታይ ለፍርድ ቤቱ የወጪ መርማሪ ሹም አስተላለፉት። ሹሙ ቁጭ ብሎ መረመረው። ከተጠየቀው ውስጥ አብዛኛውን ፈቀደ። ሥራው አስፈላጊ ነበር፤ ሀብቱ ተበታትኖ የተደበቀ፣ ለማግኘት ከባድ ነበር፤ ምን ያህል እንደሚገኝ ሲጀመር ማንም አያውቅም ነበር።

ይህን ሳነብ መጀመሪያ ተናደድኩ። በኋላ ሳስበው ግን ሁለቱም ትክክል ናቸው ወደሚል ሐሳብ ተገፋሁ። ቁጣው ትክክል ነው፤ 1.67 ሚሊዮን ተሰብስቦ 1.63 ሚሊዮን ሲበላ የማይቆጣ ዳኛ ዳኛ አይደለም። ነገር ግን ቁጣ ምርመራ ያስጀምራል እንጂ ምርመራውን አይተካም። ዳኛው ተናደው ግማሹን ቢቆርጡት ጭብጨባ ያገኙ ነበር፤ ቀጣዩን ሌባ የሚያሳድድ ሰው ግን ይጠፋ ነበር። አንዳንዴ ፍትሕ የሚከብደው ለዚህ ይመስለኛል፤ ልብን የማያረካ ሆኖ ልክ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ በተቃራኒ የሞከሩም አሉ። አውስትራሊያ፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ አንድ ዳኛ በተከታታይ ውሳኔዎች የሰዓት አቆጣጠርን ገፋ አድርገው የደላላውን መንገድ መረጡ። ትንሽ ሀብት ያለው ድርጅት ከሆነ አጣሪው የሚያገኘው ከሰበሰበውና ካከፋፈለው ገንዘብ በመቶኛ ይሁን አሉ። ሐሳቡ ማራኪ ነው። ትንሽ ድርጅት ውስጥ ሰዓት ከተቆጠረ አጣሪው ሁሉንም ይበላዋል፤ መቶኛ ከሆነ ግን እሱም የሚጠቀመው ሌላው ሲጠቀም ነው። ሳክር ኖሚኒስ በሚባል ኩባንያ ጉዳይ አጣሪው ወደ 63 ሺህ ዶላር ሲጠይቅ 20 ሺህ ተፈቀደለት።

አጣሪው ይግባኝ አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 አምስት ዳኞች ተሰይመው ውሳኔውን ሻሩት። ያሉት ግን «ሰዓት ብቻ ይቆጠር» አይደለም። ክፍያው ከንብረቱ መጠን ጋር መመዛዘኑ ተገቢ ነው አሉ፤ ስህተቱ ሥራውን ሳያዩ መቶኛውን እንደ ቀመር መለጠፉ ላይ ነው። ሕጉ የዘረዘራቸው ነገሮች አሉ፤ ሥራው ያስፈልግ ነበር ወይ፣ ምን ያህል የተወሳሰበ ነበር፣ በምን ጥራት ተሠራ፣ የተለየ ኃላፊነት ነበረበት ወይ፣ ንብረቱ ምን ያህልና ምን ዓይነት ነው። እነዚህን ሁሉ አይቶ መመዘን የዳኛው ሥራ ነው። ቀመር ከዚህ ሥራ አያሳርፈውም።

እዚህ ላይ የኔ ሐሳብ ከዘበኛችን ጋር ትንሽ ይለያያል፤ እሳቸው በመቶኛ ይሁን ባይ መሆናቸውን እርግጠኛ ነኝ። የመቶኛ ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ካዝናው ባዶ የሆነ ድርጅት ላይ ነው። የባዶ አሥር በመቶ ባዶ ነው። ነገር ግን ካዝናውን ባዶ ያደረገው ማነው? ብዙ ጊዜ መልሱ አንድ ስም አለው፤ ያ ስም ደግሞ የሚገኘው በማይከፈልበት ሥራ ነው፤ የባንክ ወረቀት በማንበብ፣ የተሰረዘ ደረሰኝ በመፈለግ። ሁሉም አጣሪ በውጤት ብቻ ከተከፈለ ድርጅቱን አራግፎ የሚዘጋ ሰው አንድ ነገር ይማራል፤ ሁሉንም ውሰድ፣ ትንሽ ካስቀረህ ግን የሚፈልግህ ሰው ይመጣል።

አሜሪካኖቹ ይህን ችግር በመጠኑ የፈቱበት መንገድ ደረቅ ነው፣ ግን ያስገርማል። በሕጉ ምዕራፍ 7 የሚሠራ የኪሳራ ባለአደራ ከሚያከፋፍለው ገንዘብ ላይ ጣሪያ ተቀምጦለታል። ከመጀመሪያው 5 ሺህ ዶላር 25 በመቶ፣ ከዚያ እስከ 50 ሺህ 10 በመቶ፣ እስከ አንድ ሚሊዮን 5 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 3 በመቶ። 100 ሺህ ዶላር ካከፋፈለ ጣሪያው 8,250 ዶላር ነው ማለት ነው። ምንም ንብረት ለሌለበት መዝገብ ግን ለብዙ ዓመታት የሚያገኘው 60 ዶላር ነበር። ስልሳ! አንድ መዝገብ ከፍቶ፣ ባለዕዳውን አስምሎ ጠይቆ፣ የተደበቀ ነገር መኖር አለመኖሩን አይቶ መዝጋት በ60 ዶላር። ሥርዓቱ የቆመው በአንድ የማይነገር ስምምነት ላይ ነው፤ ባለአደራው በባዶዎቹ መዝገቦች የከሰረውን ሞልቶ በሚመጣው አንድ መዝገብ ያካክሳል። ስለዚህ ሀብት ያለው መዝገብ ገንዘብ ጠያቂዎች የሌሎችን መዝገብ ምርመራ ሳያውቁት ይደጉማሉ። ማንም አልጠየቃቸውም። ፍትሐዊ ነው? እኔ አይመስለኝም። የእውነትን ዋጋ መክፈል ያለበት ሁሉም ከሆነ፣ ከሁሉም ኪስ በግልጽ ይውጣ፤ ማለትም ከመንግሥት። ይህን ያልኩት ግን ግብር ከፋይ ሆኜ ነው፤ የሦስት ወር ደመወዜን ስጠብቅ ብትጠይቁኝ ሌላ መልስ እሰጥ ነበር።

«ይሄ ሁሉ ለኛ ምናችን ነው?» የሚል አይጠፋም። የ1952ቱ የንግድ ሕጋችን ስለ ማኅበራትና ስለ ኪሳራ የሚናገረው ክፍል በ2013 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1243 ተተክቷል። አዲሱ ሕግ የተቸገረ ድርጅት ከመሞቱ በፊት መልሶ የሚደራጅባቸውን መንገዶች ከፍቷል። መልካም ነው። ግን እያንዳንዱ መንገድ ላይ ቁልፍ የሚይዝ ባለሙያ አለ፣ እያንዳንዱ ባለሙያም ሒሳብ ያቀርባል። የዛሬ ወጣት በማኅበር ተደራጅቶ፣ አክሲዮን ገዝቶ፣ ትንሽ ድርጅት ከፍቶ ነው የሚኖረው። አንድ ቀን ከነዚህ አንዱ ሲዘጋ የክፍፍሉ ወረቀት እጁ ላይ ይደርሳል፤ የመጀመሪያው መስመር ላይ የሚያየውን አሁን ነገርኳችሁ።

ስለራሴ ጉዳይ ልጨርስ። ፌሪስን ካነበብኩ በኋላ ያንን ወረቀት ከመሳቢያ አውጥቼ እንደገና አየሁት። ያስቆጣኝ መጠኑ አልነበረም። አጣሪው የወሰዱት ምናልባት የሚገባቸው ነው፤ ምናልባትም ከሚገባቸው በታች ነው። ያስቆጣኝ መስመሩ አንድ ብቻ መሆኑ ነው፤ ምን ቀን፣ ምን ሥራ፣ ስንት ሰዓት የሚል ነገር የለም። «አገልግሎት» ብቻ። እኛም አልጠየቅንም። ሁላችንም «ይሁን» ካልነው አንዱ ነበርን።

አንድ ነገር ደግሞ ያን ቀን አላየሁትም ነበር። ድርጅቱ ከተዘጋበት ቀን አጣሪ እስከተሾመበት ቀን ድረስ ሁለት ወር ገደማ አለፈ። በዚያ መሐል መጋዘኑ ውስጥ ዕቃ ነበር፤ በኋላ ተሸጦ የተከፋፈልነው ገንዘብ ባብዛኛው ከሱ ነው የመጣው። በዚያ ሁለት ወር ማንም ደሞዝ አይከፍልም፣ ማንም አይመጣም። ዘበኛችን ግን ማታ ማታ ይመጡ ነበር። «በሩን እንዴት ጥዬው እሄዳለሁ?» ይሉ ነበር። በፌሪስ መለኪያ ካየነው፣ ገንዘቡ የራሱ የሆነ አስተዋይ ሰው ከሁሉ በፊት የሚከፍለው ለዚህ ሥራ ነበር። የሳቸው ሁለት ወር ግን ከአጣሪው ሹመት በፊት ስለሆነ የማጣሪያ ወጪ አይባልም፤ ድርጅቱ ከተዘጋ በኋላ ስለሆነ ደመወዝም አልተባለም። ሰዓቱን የመዘገበ የለም።

ባለፈው ፋሲካ ልጠይቃቸው ሄጄ ይህንን ነገርኳቸው። ስለ እንግሊዙ ዳኛም አጫወትኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ፤ ቡናቸውን ጠጡና «እሱ ዳኛ ዘበኛ ነበረው?» አሉኝ።

ሳይኖራቸው አይቀርም አልኳቸው።

«በቀን ነው በወር የሚከፍለው?»